ለሰላምታ ብድግ የማይባልበት ወንበር

መኪና ለመንዳት መጀመሪያ ጨዋነትን መርሳት ያስፈልጋል የሚል ሰው ከአባቴ ሌላ አላጋጠመኝም።

ባጃጅ ለሐዋሳ ገና አዲስ በነበረበት ዘመን እዚያው ታቦር ሰፈር እንኖር ነበር። አባቴ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅና አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነበረው። እኔ አሥራ ስምንት ሊሞላኝ ሲል መንጃ ፈቃድ ላውጣ ብዬ ነዘነዝኩት። "መጀመሪያ እኔ እፈትንሻለሁ፤ ካላለፍሽ አላስመዘግብሽም" አለኝ።

ፈተናውን የወለደው የራሱ ጉድ ነው። አንድ ቀን በሐይቅ ዳር ሲነዳ የልጅነት መምህሩን አየ። እንዳደገበት ሥርዓት ከመቀመጫው ብድግ ብሎ እጅ ሊነሳ ሲል ፒክአፗን ቦይ ውስጥ ከተታት። መምህሩ ናቸው ሰው ጠርተው ያስወጡት። እናቴ ይህን ባወራች ቁጥር በሳቅ ትፈርሳለች። አባቴ ግን አይስቅም። ቦዩ ዳር ተማሪዎች ቆመው ነበር፤ ለጥቂት ነው የተረፉት።

ስለዚህ ግቢያችን መሃል ወንበር አስቀመጠና በመሪ ፈንታ የትልቅ ድስት ክዳን አስያዘኝ። ማንም ቢገባ ዓይኔን ከፊቴ ሳልነቅል፣ ክዳኑን ሳልለቅ መቀመጥ ነበረብኝ። እኛ ቤት ደግሞ ትልቅ ሰው ሲገባ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይታሰብም፤ ገና የበሩን ድምፅ ስሰማ ወገቤ ራሱ ይነሳል።

ጎረቤታችን የነበሩት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ወሬውን ሲሰሙ በሰበብ አስባቡ ይመጡ ጀመር። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው፣ "እንዴት ዋልሽ፣ የኔ ልጅ?" ይሉኛል። እኔ ብድግ፣ ክዳኑ መሬት ላይ።

"ሰው ገጨሽ" ይላል አባቴ ከበረንዳው።

"ኧረ እርስዎም ትንሽ ይዘኑላት" አለቻቸው እናቴ አንድ ቀን።

"መንገድ ላይ ማን ያዝንላታል?" አሉና በማግስቱም መጡ። እናቴ ወደ አባቴ ዞራ፣ "ሰው ለልጁ ሥርዓት ያስተምራል፤ አንተ ያስተማርኳትን ታስረሳለህ" አለችው።

አባቴ ጨርቅ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሄዶ ሰነበተ። በተመለሰበት ዕለት እኔ ወንበሬ ላይ እየተለማመድኩ ነበር። ሻንጣውን አንጠልጥሎ፣ አቧራ ለብሶ ገባና አጠገቤ ቆመ። ከመንገድ ሲመጣ ሮጬ ሻንጣውን ሳልቀበል፣ አገላብጬ ሳልስመው ቀርቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ክዳኑን ጨብጬ ፊት ለፊቴን አየሁ።

"ደህና ሰነበትሽ?"

ዓይኔን ከፊቴ አልነቀልኩም። ትንሽ ጠበቀኝ። ከዚያ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤት አለፈ። ደረጃው ጋ ሲደርስ ግን ተመለሰና ጎንበስ ብሎ ግንባሬን ሳመኝ።

"ነገ እንመዘገባለን" አለኝ። ድምፁ ቀዝቀዝ ያለ ነበር። እኔም ያን ያህል የለመንኩትን አግኝቼ ደስ አላለኝም። አባቴ ደክሞት ቆሞ እኔ መቀመጤ አንጀቴን በላው።

"አሁን መነሳት እችላለሁ?" አልኩት።

"መጀመሪያ የእጅ ፍሬን ሳቢ" አለኝ።

የሌለውን ፍሬን ከጎኔ ሳብኩና ተነስቼ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ።