ቦዩን መሻገር

ሬዲዮና ቴሌቪዥን መጠገን ያስተማረኝ ሰው የለም። ፈትቼ፣ አበላሽቼ፣ መልሼ ገጥሜ ነው የተማርኩት። ፒያኖውንም እንደዚሁ። ቆሰበር ባለችው ጠባብ ሱቄ የአንድ አሮጌ ኪቦርድ ድምፅ ያጡ ቁልፎችን አድኜ፣ ስልኬን እያየሁ ጣቶቼን አለማመድኩ። ስለዚህ ሰነፍ ሰው አይገባኝም። ይህንንም ለደንበኛ፣ ለጎረቤት፣ ከሁሉም በላይ ለልጄ ሳልናገር የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው።

ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። የማውቀውን ካስተማርኳት በኋላ ዳንግላ ላለች የፒያኖ መምህርት አስረከብኳት። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በሚኒባስ እንሄዳለን። ባለፈው ዓመት መምህርቷ እኔም ከድሮ ጀምሮ የምጫወተውን አንድ የሁለት እጅ ዜማ ሰጠቻትና፣ «በሚቀጥለው ስትመጪ ካልሆነልሽ ቦታሽን ተራ ለሚጠብቅ ልጅ እሰጣለሁ» አለቻት።

መፍትሔው ለእኔ ግልጽ ነበር፤ ሰዓት መጨመር። በየቀኑ ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ተኩል፣ ዜማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ያለ ዕረፍት። ሱቄን ከቤቴ የሚለየው አንድ ግድግዳ ስለሆነ እየሠራሁ እሰማታለሁ። አራት ቀን ሙሉ አንድ ደቂቃ አላጎደለችም። ለደንበኞቼ፣ «ትሰማላችሁ? ሥርዓት ማለት ይህ ነው!» እላቸው ነበር።

በአምስተኛው ቀን የሚስቴ አባት ከገጠር ለገበያ መጡ። ፈረስ በመግራት የታወቁ ገበሬ ናቸው። ፈረሳቸውን ግቢ አስረው አጠገቤ ተቀመጡና ጥቂት አዳመጡ።

«ይህች ልጅ አንድ ቦታ ላይ ትደናቀፋለች» አሉ።

«ይስተካከላል፣ አባባ። እየደጋገመችው ነው።»

«መድገሙንስ ደገመችው። ግን ሦስት ጊዜ ሰማሁ፤ ሦስቱም ቁርጥ አንድ ዓይነት ነው። ነፍስ ያለው ነገር እንዲህ አይደናቀፍም።»

ተነሥቼ ገባሁ። ወንበሩ ባዶ ነው። ኪቦርዱ ልጄ ቀድታ የተወችውን ራሱ እየደጋገመ ይጫወታል። የኪቦርዱን ድምፅ መቅጃ የጠገንኩትም እኔ ነኝ። ከአያቷ ጋር ወደ ግቢ ስወጣ፣ እሷ የፈረሳቸውን ጋማ ትጎነጉናለች።

ለተግሣጽ ጉሮሮዬን ስጠርግ ቀደመችኝ።

«አባዬ፣ መቶ ጊዜ ብጫወተውም እዚያ ቦታ ላይ አይሆንልኝም። አንተም እኮ እዚያ ስትደርስ ሁልጊዜ ታስላለህ።»

«እኔ? አስላለሁ?»

«እጅህን አንሥተህ ታስላለህ። ከዚያ ከሚቀጥለው ትጀምራለህ።»

አያቷ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ እውነቷን ነበር። ግራ እጄ ያንን ቦታ አንድም ቀን ተሻግሮት አያውቅም።

«ስማ እንጂ» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ይህም ፈረስ ቦይ ሲያይ ይበረግግ ነበር። ሜዳውን ሁሉ አስጋልቤ ቦዩ ጋ ባደርሰው ምን ይማራል? ደክሞ ይደርሳል፣ ይበረግጋል፣ በቃ። ልጓሙን ይዤ ቦዩ ጋ ብቻ ወሰድኩት። በእርምጃ። አሸተተው፤ ተመለስን። በማግሥቱ አንድ እግሩን አስገባ፤ ተመለስን።»

ማታለሏን በዝምታ አላለፍኩም፤ ሦስት ቀን ስልክ ከለከልኳት። የራሴን ሕግም ሰረዝኩ። በቀሩት ቀናት በየዕለቱ ሃያ ደቂቃ ብቻ፣ ያቺን አንድ መስመር ብቻ፣ መጀመሪያ በግራ እጅ፣ እንደ ሽማግሌ አካሄድ ቀስ ብለን። «ብለን» ያልኩት እኔም አጠገቧ ስለተቀመጥኩ ነው። አንድ ቀን ሳልሳሳት ስጫወተው፣ «ጎበዝ! ሳታስል!» ብላ አጨበጨበችልኝ። ስንት ዓመት ሙሉ የሥራ ብዛትን ሥርዓት እያልኩ ስሰብክ እንደኖርኩ ያን ጊዜ ገባኝ። ሥርዓት ያለው ሰው ከሚሸሸው ቦታ ፊት በየቀኑ የሚቆም ነው። ይህንን ከሌላ ሰው ሳልሰማ የደረስኩበት ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ግን አይደለም።

እሑድ ዳንግላ ሄድን። ልጄ ጀመረች። ያ ቦታ ሲቃረብ ሳሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ፤ ዋጥኩት። ጣቶቿ ቀስ አሉ፣ አልቆሙም፣ ተሻገሩ።

መምህርቷ ፈገግ ብላ አዲስ የዜማ ወረቀት ሰጠቻት። ሚኒባሱ ገና ከመናኸሪያ ሳይወጣ ልጄ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ በጣቷ እየተከተለች ታነብ ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ቆመች።

«አባዬ፣ ቦዩ ይኸውና» አለችኝ። «ነገ ከዚህ እንጀምራለን።»