ጫማ ያደረገው ግራር

የልጅ ልጄ ለእንቁጣጣሽ ካርድ ውድድር ቅጠል ወረቀት ላይ ስታሽ ሽታው አፍንጫዬ ገባና፣ እኔ ጀግናው አያቷ ደንግጬ ወደ በሩ ዞርኩ። ማንም አልመጣም።

መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ነገሌ ቦረና፣ ጦር ሰፈሩ አጠገብ ነበር የምንኖረው። ታጣቂዎች የቀድሞ ወታደሮችን ቤት ለቤት ይፈልጋሉ፤ አባቴ የጎረቤታችን የኦቦ ጎዳና በረት ውስጥ ተሸሽጓል። አስተማሪያችን «የምትወዱትን ሰው የሚያሳይ ካርድ ሥሩ፤ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል» አሉን። እኔ ብልሁ፣ አባቴን ከነመለዮው አደይ አበባ መሐል አቆምኩት።

እናቴ ስታየው ካርዱን ከእጄ ነጠቀችኝ። «አንተ ልጅ፣ ልታስጨርሰን ነው?»

ሌላ ደብል ወረቀት አልነበረንም። ወተት ይዘው የገቡት ኦቦ ጎዳና ካርዱን ትክ ብለው አዩት።

«ዛፍ አድርገው፣ ጉርባ፣ አንተ ልጅ። ዛፍን የት ነበርክ የሚለው የለም።»

ቅጠል እያሸሁ አባቴን ግራር አደረግሁት። ካርዱ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ነው ያየሁት፤ ከግራሩ ሥር ሁለት ጥቁር የወታደር ጫማዎች ቀርተዋል።

አንድ ታጣቂ ክላሹን እንዳነገተ ካርዶቹን እያየ መጣ። የእኔው ጋ ቆመ። ያን ጊዜ ሽንቴ አመለጠኝ፤ ግራሩን ላጠጣ መሰለኝ። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አየና አለፈ። ጫማውን ልብ ይበል አይበል እስከ ዛሬ አላውቅም።

አባቴ በማግስቱ ከከብት ነጂዎች ጋር ወደ ኬንያ ድንበር፣ ወደ ሜጋ ወጣ። አልተመለሰም።

«አባባ፣ አንተም ዛፍ ሳል» አለችኝ የልጅ ልጄ። ሳልኩላት።

«ዛፍ ጫማ ያደርጋል እንዴ?»

«ሩቅ መንገድ ያለበት ያደርጋል» አልኳት፣ አሁንም በሩን እያየሁ።