ሳላነብላቸው ያስፈረምኳቸው ማመልከቻ

ባለፈው ዓመት የፍልሰታ ጾም ሰሞን ነው። ዛሬም ትዝ ባለኝ ቁጥር ፊቴን የት ላግባው እላለሁ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ደንባችን የታወቀ ነው፤ ማንበብ ለማይችል ባለጉዳይ የተጻፈውን ጮክ ብለን ሳናነብለት በጣቱ አናስፈርመውም። እኔ ግን ስልኬ ላይ ኤአይ ከጫንኩ ወዲህ ልቤ አብጦ ነበር። ሁለት መስመር ስነግረው ገጽ ሙሉ ያማረ አማርኛ ይጽፍልኛል። ምን ብዬ ላንብበው!

ያን ቀን ከደብረ ኤልያስ የመጡ አንዲት እናት፣ ጎረቤት ድንበር ገፍቶባቸው አቤት ሊሉ መጡ። "ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝቷል፤ እሱን ወክዬ ነው" አሉኝ። ለስልኬ ባጭሩ ነገርኩት፣ ፕሪንት አደረግኩ፣ በጣታቸው አስፈረምኳቸው። ወረፋው ረጅም ስለነበር አላነበብኩላቸውም።

ብዙም ሳይቆይ ከግቢው እሪታ ሰማሁ። ሮጬ ስገባ እኚያው እናት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ደረታቸውን ይደቃሉ። ወረቀቱን የተቀበለው ሠራተኛ ግራ ገብቶት ቆሟል። "ነፍስ ይማር እናቴ፣ የሞት ማስረጃ ያምጡ" ብሏቸው ኖሯል። ወረቀቱን ተቀብዬ ባየው፣ "ባለቤቴ በሞት ስለተለየኝ" ይላል!

መርዶ በኛ ዘንድ ወዲያው አይነገርም፤ ተደብቆ ይቆያል። እሳቸውም የተደበቀ መርዶ መስሏቸዋል። "ጠዋት ደህና ነበር! ሰምታችሁ ደበቃችሁኝ!" ይሉኛል። "ኧረ እናቴ፣ ስልኬ ነው የተሳሳተው" ብል ማን ይስማኝ! ለነገሩ ስልኩ ምን ያድርግ፤ ያላነበብኩት እኔ።

በባጃጅ ይዣቸው ወደ ሆስፒታል ከነፍን። ባልየው አልጋቸው ላይ ተቀምጠው አጥሚት ይጠጣሉ። ሴትዮዋ እግራቸው ላይ ተደፉ።

"ምን ሆነሽ ነው?" አሉ ሽማግሌው ደንግጠው። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

ሴትዮዋ ግን እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ "ምንም አልሆንኩ። ይኸ ልጅ ማመልከቻችንን የጻፈልን ነው፤ መታመምህን ሰምቶ ሊጠይቅህ መጣ" አሉ።

ሽማግሌው እጄን ያዙ። "እኛ እዚህ ምን ጠያቂ አለን? ተባረክ ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥህ" ብለው መረቁኝ።

ማመልከቻውን እዚያው በእጄ ጽፌ፣ ለሁለቱም አንብቤ ሰጠኋቸው። አልዋሽም፣ ዛሬም በኤአይ እጽፋለሁ። ሳላነብ ግን ማንንም አላስፈርምም። የሽማግሌው ምርቃት ግን እስካሁን የሰረቅኩት ይመስለኛል።