ከዋሻው የመጣ እምነት

ክረምቱ ዘንድሮ ስለበረታ ልደታ ያለው የኮንዶሚኒየሜ ግድግዳ ሻግቷል። ቁም ሳጥኑን ፈቀቅ ሳደርግ አረንጓዴና ጥቁር ሆኖ አገኘሁት። በረኪና ላመጣ ስል ወንድሜ ዳንኤል ትዝ አለኝ። ለእሱ ሻጋታ ቁጭ ብለው የሚያዩት እንጂ የሚጠርጉት ነገር አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲ ሳለን የመመረቂያ ጥናቱን የሠራው ዋሻ ውስጥ በሚበቅሉ የሻጋታ ዓይነቶች ላይ ነው። በጽጌ ጾም እኔም አብሬው ወደ አንድ የገዳም ዋሻ ሄድኩ። እናታችን ሳንባዋን ታማ አልጋ ላይ ከዋለች ከርማ ነበር። ስንወጣ፣ "ከዋሻው እምነት አምጡልኝ፤ እሱን ብቀባ እድናለሁ" አለችን።

አደይ አበባው ገና አልረገፈም። በሶ በጥብጠን እየጠጣን፣ ጭቃውን እያቦካን ዳገቱን ወጣን። ዋሻው ይቀዘቅዛል፤ እርጥብ አፈርና የሌሊት ወፍ ይሸታል። ዳንኤል ባትሪውን ግድግዳው ላይ እያበራ ደስታው ልክ አልነበረውም። "እነዚህ ሻጋታዎች ፀሐይ አይተው አያውቁም እኮ! ስንቱ ስም እንኳ አልወጣለትም!" ይለኛል። ገዳሙን የሚጠብቁት አባት ከወለሉ አፈር ዘግነው ለእናታችን በሻርፔ ጫፍ ቋጠሩልኝ። ዳንኤልም ከዚያው ቦታ ለጥናቱ ወሰደ።

"እስክመረምረው እንዳትሰጫት" ብሎ ስለለመነኝ፣ እማዬን ዛሬ ነገ እያልን አቆየናት። ከሳምንት በኋላ ላቦራቶሪ ጠራኝ። ከዚያ አፈር እንደ ጥጥ የነጣ፣ ሮዝ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ ሻጋታ በቅሏል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይጨፍር ነበር።

"ለጤነኛ ምንም አይደለም። ለእማዬ ሳንባ ግን እፈራለሁ" አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

በማግስቱ ልደታ ማርያም ሄዶ እምነት ተቀበለ። "ይሄኛው አመድ ነው፤ እሳት አይቷል" ብሎ በዚያው ሻርፕ ቋጠረውና፣ "ከዋሻው ነው" ብሎ ሰጣት። እማዬ አማትባ ግንባሯንና ደረቷን ተቀባች፤ መረቀችውም። አልዳነችም።

ልትሞት ሰሞን፣ እሱ በሌለበት፣ እጄን ያዝ አደረገችኝ።

"ዕድሜዬን ሙሉ የተቀባሁትን የልደታን እምነት የማላውቀው መስሎት ነው?" ብላ ፈገግ አለች። "እንዳትነግሪው። ያለ ምክንያት አላደረገውም። እኔም ልጄን አምኜ ነው የተቀባሁት።"

ከቀብሯ በኋላ ዳንኤል የሻጋታ ምርምሩን ትቶ ሜክሲኮ አካባቢ ባንክ ተቀጠረ። ዋሻ የሚባል ነገር ዳግም አላነሳም። እኔም አደራዋን ጠበቅሁ፤ ብነግረው ይቀለው ወይ ይብስበት እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። የእናት አደራ እንዲህ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ትናንት ሙት ዓመቷ ስለነበር ስደውልለት፣ በየዓመቱ የሚጠይቀኝን ጠየቀኝ።

"እማዬ አምናኝ ነው የሞተችው፣ አይደል?"

"አምናህ ነው" አልኩት።