ስድስት ሴኮንድ የሹፌሩ እናት

ባለፈው ሳምንት አሮጌ ጃኬቴን ላሳጥብ ሳወጣው፣ ከውስጥ ኪሱ ስፌት ሥር የጣት ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ካርድ ወደቀች። አነሳሁና አሸተትኳት። ለምን እንዳሸተትኳት አትጠይቁኝ፤ ሰው እኔ ዕድሜ ላይ ሲደርስ ያገኘውን ሁሉ ማሽተት ይጀምራል። የሞቀ ፕላስቲክና የእርጥብ ጋቢ ሽታ ያላት መሰለኝ። ልጄ ከስልኳ ቀና ብላ፣

«አባዬ፣ እሱ ደግሞ ምንድነው?» አለችኝ።

«ዘፈን ነው።»

«ስንት ይይዛል?»

«አስር ሺህ» አልኳት። ቢበዛ ሦስት መቶ ነው የምትይዘው። እሷ ግን አስር ሺሁም አልገረማት። የዓለም ዘፈን በሙሉ ኢንተርኔት ላይ ተኝቶ ይጠብቃታል። ፎቶም ቢሆን ከባጃጅ ሳትወርድ ሃያውን ለጥፋ፣ ሃያ አንደኛውን እየመረጠች ነው ቤት የምትገባው። ወደ ስልኳ ተመለሰች፤ እኔ ደግሞ ወደ ድሮዋ አሰላ።

ያኔ መናኸሪያው አጠገብ በነበረች አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ዘፈን ጫኝ ነበርኩ። ጠባብ ስላችሁ፣ እኔ እንድገባ ኮምፒውተሩ መውጣት ነበረበት። ሰው ስልኩን ወይም ሚሞሪውን ያመጣል፣ እኔ በአዲስ ዘፈን ሞልቼ እመልስለታለሁ። በሩ ላይ የሰቀልነው ስፒከር ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል። የጭላሎ ተራራ ጉም ወደ ከተማው የማይወርደው የእኛን ስፒከር ፈርቶ ነው ይባል ነበር። የምለው እኔ ብቻ ብሆንም፣ ይባል ነበር።

«ኢንተርኔት አለን» ብለን በቀይ ቀለም ጽፈናል። እውነትም ነበረን። አንድ ሰው ፎቶ ሊለጥፍ መጥቶ እንደጀመርን ገብስ ብንዘራ፣ ፎቶው ሳይወጣ አጭደን እንወቃው ነበር። ከሁሩታ የመጣች አንዲት ሙሽራ የሠርግ ፎቶዋ ተለጥፎ እስኪያልቅ ወልዳለች ብዬ ብምል የሚከራከረኝ የለም። ግን ደስ ይል ነበር! ዝናብ ያባረረው ሁሉ ገብቶ ከኋላዬ ይቆምና ፎቶው ከላይ ወደ ታች ሲገለጥ አብሮ ያያል። መጀመሪያ ሰማይ ይመጣል፣ ከዚያ ፀጉር፣ ከዚያ ግንባር። አፍንጫው ላይ ሲደርስ ኔትወርኩ ይጠፋል፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ኧረ!» ይላል። አገጩ ሲወጣ ደግሞ ጭብጨባ ነው። የማናውቀው ሰው አገጭ፣ እመኑኝ፣ እንደዚያ አስጨብጭቦን ያውቃል።

ሙያችን አንድ መጥፎ ልማድ ነበረው። የደንበኛ ሚሞሪ ስንሰካ መጀመሪያ እኛ ጋ የሌለ ነገር እንፈልጋለን፣ ካገኘን ወደ ኮምፒውተራችን እንገለብጣለን፣ ከዚያ ሚሞሪውን ጠራርገን አጥፍተን አዲሱን ዘፈን እንጭናለን። ባለቤቱ ውጭ ሻይ ሲጠጣ እኛ ጓዳው ገብተን ማሰሮውን ሁሉ ከፍተን እናያለን ማለት ነው። ማንም አይጠይቀንም፤ እኛም ማንንም አንጠይቅም።

አንድ ክረምት፣ ቆርቆሮውን ዝናብ በሚደበድብበት ከሰዓት፣ ከበቆጂ ገብስ የሚያመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ገባ። ሰውየው የመኪና ጎማ ያለ ክሪክ የሚያነሳ ይመስላል።

«ጎረምሳው፣ መንገዱ እንቅልፍ እያስወሰደኝ ነው። የሚቀሰቅስ የሚቀሰቅሱን ሙላልኝ» ብሎኝ ሚሞሪውን ጥሎ ወጣ።

ሰካሁት። ከአሮጌ ዘፈኖቹ መሃል አንድ አራት ደቂቃ የሚሆን የድምፅ ቅጂ አገኘሁ። ከፈትኩት። ዶሮ ይጮኻል፣ ብረት ይንኳኳል፣ ከዚያ አንዲት ሴትዮ ከሩቅ፣ አማርኛውን ከኦሮምኛ እያቀላቀሉ፣

«ያ ጉርባ! አንተ ልጅ! አትሰማም እንዴ? ስንት ጊዜ ልጥራህ?»

በሳቅ ወደቅኩ። ሴትዮዋ ሲቆጡ ድምፃቸው በቆጂ ተነስቶ አሰላ ይሰማል። ወዲያው ጠላቴ የሆነው ጭንቅላቴ ሠራ፤ ይህችን ስድስት ሴኮንድ ቆርጬ የስልክ መጥሪያ ባደርጋትስ? ቆረጥኳት። የቀረውን፣ የኮምፒውተሩ ሆድ ሁልጊዜ እንደሞላ ስለነበር፣ ሰረዝኩት። የሹፌሩን ሚሞሪ ጠራርጌ በሚቀሰቅስ ዘፈን ሞላሁለት። አመስግኖኝ ሄደ።

መጥሪያዋን መጀመሪያ ለአንድ የሚኒባስ ረዳት ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ እኔም አልያዝኳትም፤ በብሉቱዝ ከኪስ ወደ ኪስ ሄደች። በወሩ ፀጉር ቤት ውስጥ ሴትዮዋ ይቆጣሉ፣ ጋሪ ላይ ይቆጣሉ፣ ስብሰባ ላይ ይቆጣሉ። አንድ ቀን መናኸሪያው ውስጥ አራት ስልክ ባንድ ጊዜ ጮኾ አርባ ሰው ዞሮ አየ። አንድ ፈረስ ደንግጦ ጋሪውን ጎበሳ ከተማ አድርሶታል፤ ይህችን እንኳ ተዉዋት፣ ፈረሱ የሮጠው ሌላ ነገር አይቶ ነው። እኔ ግን በራፌ ላይ ቆሜ እንደ ትልቅ አቀናባሪ እጄን አጣምሬ እሰማ ነበር።

ዓመት ሳይሞላ ሹፌሩ ተመልሶ መጣ። ጥቁር ለብሷል፣ ፂሙ አድጓል። ወደ ኮምፒውተሩ ሳያይ እኔን አየኝ።

«ያቺ የምትቆጣው ሴትዮ ከዚህ ቤት ነው የወጣችው አሉኝ።»

ከወንበሬ ተነሳሁ።

«እናቴ ናት» አለ። «አርባዋ ትናንት ነበር።»

ስፒከሩን አጠፋሁት። ከተማው ባንዴ ባዶ የሆነ መሰለኝ። ሹፌሩ በርጩማው ላይ ተቀመጠና ቀስ ብሎ ይነግረኝ ጀመር። ቅጂው ስልኩ ላይ ያለ ይመስለው ነበር እንጂ ሚሞሪው ላይ መሆኑን አያውቅም። ከቀብር ተመልሶ ቢፈልገው የለም። ፎቶም የላትም። «ፎቶ ላንሳሽ ስላት ሻሼን ልቀይር ትልና ትገባለች፤ ገብታ ትረሳዋለች። መታወቂያዋ ላይ ያለችው ደግሞ ሌላ ሰው ነው የምትመስለው።» ከዚያ ባለፈው ሳምንት ለአርባው ዕቃ ሊገዛ መጥቶ መናኸሪያው ውስጥ ሲያልፍ ከማያውቀው ሰው ኪስ ጠራችው።

«አቤት አልኩ» አለኝ። «ሰው መሃል ቆሜ፣ ጮክ ብዬ፣ አቤት እማዬ አልኩ።»

የሚለኝን ሁሉ ልቀበል ተዘጋጅቼ ነበር። ቢመታኝም አልሸሽም፤ ደግሞ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ወዴት እሸሻለሁ? 

«ይቅርታ አድርግልኝ ጋሼ» አልኩት።

«ስትሰማት ሳቅክ?»

«ሳቅሁ።»

«እኔም ስቄያለሁ» አለ። «መኪናው ሥር ተኝቼ ስልኩ ይቀዳ እንደሆነ እየሞከርኩ ነበር። አውቄ ነው ዝም ያልኳት፤ ስትቆጣ ደስ ይለኛል።» ከዚያ በርጩማውን አስጠግቶ፣ «የቀረውን አምጣልኝ» አለ።

የቀረው እንደሌለ ነገርኩት። ኮምፒውተሩን አገላብጬ አሳየሁት፤ ቆሻሻ መጣያውን ሳይቀር ከፈትኩለት። አራት ደቂቃው የለም። ስድስት ሴኮንድ ብቻ ነች ያለችው።

ውጭ ውሃው ከጣሪያው ጠርዝ እየተንጠባጠበ ነበር።

«አንተ ግን ሙሉውን ሰምተኸዋል» አለኝ። «ከተቆጣች በኋላ የምትለው ነገር ነበረ። እኔ ራሴ እያምታታሁት ነው፤ አንዳንዴ መረቀችኝ እላለሁ፣ አንዳንዴ አባቴን አነሳች እላለሁ። ምን ነበር ያለችው?»

አሁን እኔን አስቡኝ። ለአንድ ፎቶ አዝመራ የማስገባ ሰው ነኝ። ምርቃት ከፈለገ፣ ሰማይ የሚደርስ ምርቃት እዚያው አበጅቼ ልሰጠው እችል ነበር። አፌ ላይ መጥቶም ነበር፤ ልጄ ሆይ ብዬ ልጀምር። እሱ ግን ውሃ እንደጠማው ሰው አፌን አፌን ያየኛል። ምርቃቱ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ዓይኔን ጨፍኜ ያችን ከሰዓት ፈለግኳት፤ ዶሮዋን፣ ብረቱን፣ የራሴን ሳቅ። ከሳቄ ሥር አንዲት ነገር ያገኘሁ መሰለኝ።

«ድንቹ ቀዘቀዘ አሉ» አልኩት። «ቀስ ብለው። መቆጣቱን ትተው።»

ፊቱ ተለወጠ። «ድንች» አለ። «አዎ። ድንች ነበር። በሚጥሚጣ።»

ስድስቷን ሴኮንድ ስልኩ ላይ ጫንኩለት። «መጥሪያ አታድርጋት፤ እንዲሁ አስቀምጥልኝ» አለኝ። በሰው ስልክ ላይ ያሉትንስ እየዞርኩ ላስጠፋ ወይ አልኩት። አሰበና «ተዋት፣ ትጥራቸው» አለ። ከዚያ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከፈተ። ስንት ጊዜ ልጥራህ ብላ ስትጨርስ እንደገና ከፈተ። ሦስተኛው ላይ፣ ድምፁ ሲያበቃ፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«ድንቹ ቀዘቀዘ» ይላል፣ በእሷ አነጋገር፣ ቀስ ብሎ።

እኔ እኮ እርግጠኛ አልነበርኩም። ዛሬም አይደለሁም። እዚያ አገር ድንች የማይቀዘቅዝበት ቤት የለም፤ ከሴትዮዋ ልስማው ከራሴ ላምጣው ለይቼ መናገር አልችልም። ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። እሱ ግን አራተኛ ከፍቶ እያዳመጠ ነበር፤ አፌን መልሼ ዘጋሁት።