እርግዝና የለም ያልሁ ዕለት

አባቴ ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ሳለ ሞጣ ገበያ መሀል ደረቱን ይዞ ወደቀ። ታላቅ ወንድሜም አርባ ሳይሞላው በዚያው መንገድ ሄደ። ስለዚህ ባል አግብቼ በምኖርበት ቢቸና ደሜ ተመርምሮ ኮሌስትሮሌ እጅግ ከፍ ማለቱ ሲነገረኝ ብዙም አልደነገጥሁም። የዘር ነገር ነው። በየቀኑ የምውጠው ኪኒን ታዘዘልኝ። ሐኪሙ «ኪኒኑ ለጽንስ አይመከርም፤ ለማርገዝ ስታስቢ ወይም ካረገዝሽ ቶሎ ንገሪን» አለኝ፤ እሺ አልሁ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

በተጋባን በአምስተኛው ዓመት አረገዝሁ። ከባሌ ሌላ የነገርሁት ለእናቴ ብቻ ነው፤ ሞጣ ድረስ ሄጄ።

«ሆድሽ እስኪገፋ ለማንም እንዳትተነፍሺ» አለችኝ። «የሰው ዓይን ክፉ ነው።»

«ለሐኪምስ?»

«ሐኪም ሰው አይደለም እንዴ?»

ሳቅሁባት። ግን ሰማኋት፤ አምስት ዓመት ሙሉ ሆዴን ሲያዩ የከረሙ ጎረቤቶች ነበሩኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የክትትል ቀጠሮዬ ደረሰ። ተቀብላ የምታስተናግደኝ ነርስ የአማቴ ጎረቤት ናት። ከኋላዬ ወረፋ ከያዙት ሴቶች ሁለቱን በዕድር አውቃቸዋለሁ።

«እርግዝና አለ?» አለችኝ ከወረቀቷ ቀና ሳትል።

«የለም» አልሁ።

የሁለት ወር ኪኒን ተሰጠኝ። ልተወው አስቤ ነበር፤ እንደ አባቴ ገበያ መሀል እንዳልወድቅ ፈራሁ። ስለዚህ አፌን ዘግቼ፣ በየማታው ለኪኒኑ ብቻ እከፍተው ነበር።

ሦስተኛው ወር ሲገባ ደም አየሁ። በማግስቱ ጽንሱ ወረደ።

ሐኪሙ ፊት ተቀምጬ ሁሉንም ነገርሁት።

«ከኪኒኑ ነው ልልሽ አልችልም» አለኝ። «ያለ ኪኒንም የሚወርድ ብዙ ነው፤ ሳያውቁ ወስደው ጤነኛ ልጅ የወለዱም ብዙ ናቸው። ብትነግሪን ግን አይተን እናቆምልሽ ነበር። ጥቂት ወር ማቆም አብዛኛውን ሰው አይጎዳም።»

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። እኔ በሽታዬን አልደበቅሁም፤ መድኃኒትም አላጣሁም። የደበቅሁት ልጄን ነው። ገዳዩ ኪኒኑ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አለማወቁ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ወንድሜ ሲሞት ግቢያችን ለለቀስተኛው አልበቃም ነበር። ለዚህኛው ማንም አልመጣም፤ ማን ሰምቶ ይመጣል? በሳምንቱ ከወረፋው ሴቶች አንዷ መንገድ ላይ አገኘችኝና ሆዴን አየት አደረገች።

«አሁንም ምንም የለ፣ ልጄ?»

«የለም» አልኋት። ያን ቀን አልዋሸሁም።