ለምንጭ ጠረጋ ወደ አንኮበር

በተነሣንበት ጠዋት ደብረ ብርሃን ግቢያችን ውስጥ ሦስት ሴቶች ነበርን። እናቴ በቅሎዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። እኔ ከኋላዋ፣ በጆንያ የተጠቀለለ ዶማ ተሸክሜ። ቤቱን የምትጠብቅልን ጎረቤታችን ከአጥሩ ሥር። የዓልዩ አምባው ነጋዴ ሼህ ይማም ደግሞ ከውጭ፣ ከአህዮቻቸው መካከል። ጣሊያን የሰጠው ይለፍ ያላቸው እሳቸው ብቻ ስለሆኑ አብረን መሄድ ነበረብን። አባቴ አልነበረም። የት እንዳለ አንናገርም ነበር።

እናቴ አንኮበር አጠገብ ከአባቷ የወረሰችው የሽንኩርት መደብ ነበራት፤ ታላቅ ወንድሟ ጋሼ ደምሴ እያለሙ እኩል ያካፍሏት ነበር። የአገሩ ደንብ ጥብቅ ነው። በአስተርዮ ማርያም ማግስት ምንጩ ሲጠረግ ከየባለመደቡ አንድ ሰው ዶማ ይዞ ካልተገኘ የዓመቱ የውሃ ተራ ይቀርበታል። ያን ዓመት ከዚያ መደብ ሌላ መተዳደሪያ አልነበረንም።

«ዶማ ይዞ መንገድ የቀባሪ ነው፣ እመት» አሏት ሼህ ይማም።

«ቀባሪም ጠላ ይጠጣል» አለች እናቴ።

ሜዳው ላይ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። የገብሱ ማሳ ታጭዶ ቃርሚያው ብቻ ቀርቷል። አንድ ድልድይ ላይ ባንዳዎች ጆንያውን አስፈቱን። ዶማውን አይተው «ጠመንጃ መስሎን» ብለው አሳለፉን። በሶ በጥብጠን ቆመን ጠጣን።

ጎረቤላ

ለማደሪያና ለበቅሎዋ ጭድ አንድ ሊሬ ከፈልን። የቤቱ እመቤት እግራችንን እያስታጠበች፣

«ምንጫችሁን ነጋዴ አጠረው ይባላል» አለች።

«አጥር ለከብት ነው» አለች እናቴ። ሲነጋ ሼህ ይማም ለመልሱ መንገድ ተቀጣጥረውን ወደ ዓልዩ አምባ ወረዱ።

ምንጩ ላይ

አጥሩ የባሕር ዛፍ ነበር፤ አዲስ የብረት በር አለው፤ በሩ ተከፍቷል። ጋሼ ደምሴ የውሃ አባት ናቸው፤ ተራ የሚያድሉትም፣ ተራ ዘለለ ተብሎ የተጣላውን የሚያስታርቁትም እሳቸው ናቸው። ቆመው የመጣውን ዶማ ሁሉ አዩ። የእናቴንም አዩ። በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጭቃ ውስጥ ገባን። ነጋዴው አቶ ካሳዬ ካኪ ኮት ለብሶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያየናል። ረፋዱ ላይ ሁለት እንስራ ጠላ አስመጣ። በደንቡ፣ ጠረጋ ላይ ያጠጣ ሰው ባለተራ ይሆናል። ጋሼ ደምሴ ቀድመው ቀመሱና፣

«ጠጡ፤ ከእንግዲህ ከኛ አንዱ ነው» አሉ።

ጠጣን። ቀትር ላይ ውሃው ጠርቶ ወረደ።

«የመጨረሻው ተራ ያንተ ነው» አሉት ጋሼ ደምሴ።

«ተራ አልጠየቅሁም፣ ጋሼ ደምሴ። ምንጩን ከጣሊያን ተኮናትሬዋለሁ። ለመንገድ ሠራተኞቹ ሰፈር ውሃ አቀርባለሁ፤ የቀረውን እሸጣለሁ።»

«ጠላህን ጠጥተናል እኮ።»

«ጠላውማ የጉልበታችሁ ዋጋ ነው።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ «ይህን ባውቅ እደግም ነበር» አሉ። የሳቀ የለም።

አቶ ካሳዬ የበሩን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። «ውሃ አባትነትዎን ማንም አይነካም። ቁልፉን እርስዎ ይያዙ። ለራስዎ መደብ በነፃ ይፈስልዎታል፤ ሌላው እየከፈለ ይቀዳል።»

ጋሼ ደምሴ ወደ ታች፣ ወደ ሽንኩርታቸው ተመለከቱ። ጫፉ ቢጫ ሆኗል። ቀኝ እጃቸው ዶማ ይዞ ስለነበር ቁልፉን በግራ ተቀበሉ።

«ወንድም ጋሼ፣ የኔ ተራ መቼ ነው?» አለች እናቴ።

«ተራ ቀርቷል፤ በቆርቆሮ እየተለካ ይሸጣል። አንቺም እንደ ሰዉ ነሽ» አሏት፤ ፊቷን አላዩም።

እናቴ የዶማውን ጭቃ በሣር ጠረገች። እኔ በጆንያው ጠቀለልኩት። ይለፍ የያዙት ሼህ ይማም ገና ከዓልዩ አምባ አልተመለሱም ነበር። አልጠበቅናቸውም። በቅሎዋን ፈትተን ያለ ይለፍ ሄድን።